ቀኙ ሃያ ስድስት፣ ግራው አራት

በሥራ ቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የትኛው ነው?» ታካሚው «ቀኙ» ወይም «ግራው» ሲለኝ አልቀበለውም። «በጣትዎ ያሳዩኝ» እላለሁ። ከዚያ የሐኪሙን ትዕዛዝ አያለሁ። ከዚያ ቀኝ ወይም ግራ የምትለውን፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራች ትንሽ ፊደል ሰሌዳው ላይ ለጥፌ እንደገና እጠይቃለሁ። ራጅ አንሺ ሁሉ ይህን ማድረግ አለበት፤ ባልደረቦቼ ግን አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፣ እኔ ሦስት ጊዜ። «ሰው ያለው ሁለት ጉልበት ብቻ ነው እኮ» ትለኛለች አለቃዬ። ችግሩ እሱ ነው፤ ሁለት መሆናቸው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ዐሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ባለ ጠባብ አፓርትመንት ነው። ከመንገዱ ማዶ የጭነት ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ባቡር በሌለበት ሰዓት ደግሞ አባቴ አለ። አባቴ ነጋ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ሲቀመጥም አንድ እግሩ አያርፍም፤ ተረከዙ ወለሉን እየመታ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። እናቴ አረጋሽ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ ምድጃው ትሄዳለች። እኔ በበኩሌ እጽፍ ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችን ለሰመር ዕረፍት አንድ አንድ ደብተር ሰጥታን «ያያችሁትን ጻፉ፤ የመሰላችሁን አይደለም» ብላን ነበር። ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዝኩት።

አባቴ አገር ቤት እያለ አቃቂ አካባቢ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ወጌሻ ነበር። በዲቪ መጥቶ ታክሲ ያዘ። ኢስት ፖይንት ጫፍ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ታክሲዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ፣ አንገቱ የተያዘበትም እግሩ የዞረበትም ሹፌር ወደ እሱ ይመጣል። ሌላው ልማዱ መሐላ ነው። ሁሉን ነገር በእኔ ይምላል።

«ትንሳኤ ትሙት፣ መብራቱ ቢጫ ነበር።»

«ቢጫ ከሆነ ቢጫ ነበር በል» ትለዋለች እናቴ፤ ጴንጤ ናት፣ መሐላ አትወድም። «ልጄን በየመስቀለኛው መንገድ አትግደልብኝ።»

«ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ።»

አንድ እሑድ ስቆጥር ከጠዋት እስከ ማታ አራት ጊዜ ሞቻለሁ። ደብተሩ ላይ አለ።

ሄኒንግን ያገኘው ታክሲው ውስጥ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ማታ እራት ላይ ለእናቴ ሲያወራ ሰማሁ። «ቁመቱ በሩን ያህላል። ሲገባ አንድ እግሩን በሱሪው ይዞ እንደ ሻንጣ አነሣው። ኳስ ተጫዋች ነህ አልኩት። እንዴት ዐወቅክ አለኝ። እግሩን እንደ ዕቃ የሚያነሣ ሌላ ማን አለ አልኩት።» የትኛውን እግር እንደሆነ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሄኒንግ ጀርመናዊ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ በከተማችን የሁለተኛ ዲቪዥን ክለብ የመሀል ተከላካይ። ውሉ ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ በውድድር ዘመኑ ሃያ ጨዋታ በቋሚነት ከጀመረ ለአንድ ዓመት ይራዘምለታል። ሃያ ካልሞላ ያበቃል። በመጀመሪያው ሐሙስ ቤታችን ሲመጣ ስምንት ደርሶ ነበር። ለአባቴ እንዲህ አለው፦ «የክለቡ ሐኪም ካወቀ ያስቀምጠኛል። በዚህ ዕድሜ ከተቀመጥኩ አልነሣም።» ደብተሬ ላይ 20 ብዬ ጽፌ ከበብኩት።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ይመጣ ነበር። አባቴ የወይራ ዘይቱን ሞቅ አድርጎ ቪክስ እስኪቀላቅልበት ድረስ ሄኒንግ አይቀመጥም፤ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። ያ ርቀት ለእኔ ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ለእሱ ስድስት። ከዚያ ወለሉ ላይ በተዘረጋው ብርድ ልብስ ይተኛል፤ እግሩ ከብርድ ልብሱ አልፎ ቴሌቪዥኑ ሥር ይገባል። እኔ ኩሽናው በር ላይ ተቀምጬ የማይክሮዌቩን አረንጓዴ ሰዓት እያየሁ እጽፋለሁ።

አባቴ የሚጀምረው በቀኙ ነው። ከዳሌው ተነሥቶ በሁለት አውራ ጣቱ ጭኑን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ከቆዳው ሥር የወፈረ ገመድ የመሰለ ነገር ይገኛል፤ አባቴ እሱን ይዞ አይለቅም። ሄኒንግ ፎጣ ይነክሳል፤ ላቡ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ጭን፣ ጉልበት፣ ባት፣ ተረከዝ፤ እንደገና ከላይ። ሃያ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ አባቴ እጁን በፎጣ አጥርቶ ይጠርግና ወደ ግራው ይዞራል። ግራውን አያሸውም። የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፉን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ ያነሣል፣ በአይበሉባው ደግሞ ይነካል። አራት ደቂቃ።

አንዳንድ ቀን ሃያ አራት ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ሃያ ስምንት። የዐሥራ አንድ ሐሙሶች አማካይ ግን ይኸው ነው፤ ቀኙ ሃያ ስድስት፣ ግራው አራት። የረጠበ ፎጣና የታሸ ጭን አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ሕመሙ ቀኙ ላይ ነው። ግራው ደህናው ነው፤ አባቴ የሚነካው ለማነጻጸር ነው። ይህን አልጻፍኩትም፤ መጻፍ የሚያስፈልገው አልመሰለኝም።

ቀኙ ሲታሽ ሄኒንግ ፎጣውን ከአፉ እያወጣ፣ እንዳይጮህ ያወራል። የእግሩን ጠባሳ ከታች ወደ ላይ እያሳየ የኳስ ዘመኑን ነገረኝ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው የዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለች የትውልድ ከተማው የወጣቶች ቡድን። ቅልጥሙ ላይ ያለው የመጀመሪያ ጨዋታው ነው፤ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ፣ በሰማንያ ዘጠነኛው ተመታ። በትልቁ ሊግ አንድ ዓመት ብቻ፣ ዐሥራ አንድ ጨዋታ፤ እናቱ ዐሥራ አንዱንም ጋዜጣ ቆርጣ አስቀምጣለች። ቡድኑ ወረደ። ቀጥሎ የገባበት ክለብ ፈረሰ። ከዚያ ኦስትሪያ፣ ከዚያ ቆጵሮስ፣ ከዚያ አትላንታ።

«ስንት ጎል አገባህ?» አልኩት።

«በዐሥራ አምስት ዓመት አራት። አንዷ በራሴ በር ነች።»

«ትንሽ ነው።»

«የተከላካይ ሥራ ያልሆነው ነገር ነው» አለኝ። «ያልገባ ጎል። ያልደረሰ አጥቂ። እሱን የሚጽፍ ሰው የለም።»

አባቴ አንገቱን ሳያቀና «የወጌሻም እንደሱ ነው» አለ። «ወጌሻ የሚታወቀው በሚነካው አይደለም። በማይነካው ነው።»

ሁለት ሰዎች በየሙያቸው እየተኩራሩ መሰለኝ። እንዳለ ጻፍኩት። ግራ ጉልበቱ ላይም ሦስት ትናንሽ ነጥቦች ነበሩ፤ ስለ እነሱ አላወራም። ደብተሬ «ግራ ጉልበት፦ ሦስት ነጥብ። ታሪክ የላቸውም» ይላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጉልበት ክፍሌ በር ላይ ሲቆም ገና ከሩቅ ዐውቀዋለሁ። ቀዶ ሐኪም በካሜራ ጉልበት ውስጥ ሲገባ የሚተዋቸው በሮች ናቸው። ታሪኩን ሁሉ የያዙት እነሱ ነበሩ።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። አንድ ሐሙስ ሄኒንግ ከወጣ በኋላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ኩሽና ውስጥ ያዘችው።

«ሰውየው ፍርድ ቤት ሱ ቢያደርግህስ? ላይሰንስ አለህ? ኢንሹራንስ አለህ?»

«የወጌሻ ላይሰንሱ እጁ ነው።»

«ዳኛው ፊት ቀርበህ እጅህን ታሳየዋለህ።»

«አንቺ ደግሞ።»

«ሳይህ አንዱን እግር ብቻ ነው እንዴ የምታሸው?»

«ሌላውን እግዜር ይያዘው» አለ አባቴ።

እኔ ይህን ቃል እንደ ምርቃት ሰማሁት፤ እግዜር የያዘው እግር ምን ይሆናል?

ከእኛ በታች ያለው ጎረቤታችን ጋሽ ለገሰ ደግሞ ደረጃው ላይ ባየን ቁጥር አያልፈንም። በጁላይ የሐበሾች ውድድር የአትላንታ ቡድን ተሸንፎ ነበር፤ የቡድኑ ወጌሻ አባቴ ነው። «ነጋ፣ ጀርመን እያሸህ የእኛን ልጆች አራት ለባዶ አስበላሃቸው» ይለዋል።

«እናንተን የሚያሽ ቄስ ነው እንጂ ወጌሻ አይደለም።»

ሄኒንግ ከደረጃው በላይ ቆሞ ምን እንደሚያስቃቸው ሳያውቅ አብሮ ይስቃል።

ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት። ክለቡ በሜዳው ሲጫወት አባቴ ታክሲውን ትቶ ይወስደኛል። እኔ ኳሷን አላይም፤ የማየው ሄኒንግን ብቻ ነው። ስንት ጊዜ በግንባር እንደመለሰ፣ ስንት ጊዜ እንደዞረ፣ ወደ የት። ወደ ቀኝ ሠላሳ አንድ፣ ወደ ግራ ሁለት። ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት። ሐሙስ እስኪደርስ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ጀመር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ሞላ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ሳይሆን እሑድ፣ ሄኒንግ መጣ። መስኮት ላይ ሆኜ ደረጃውን ሲወጣ አየሁት፤ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ። ቀኙን ያስቀድማል፣ ግራው ተከትሎ እዚያው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ዐሥራ አራቱን ደረጃ በሁለት ደቂቃ ጨረሰ። ግራው ሸክሙን ሁሉ እየቻለለት መሰለኝ። ዛሬ ክራንች ለምንሰጠው ሰው የምናስተምረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ስትወጣ ደህናው ይቅደም።

አባቴ ብርድ ልብሱን አላነጠፈም። መኝታ ቤት አስገብቶት በሩን ዘጋ። ባቡሩ እያለፈ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁም።

«አንድ ጨዋታ» ይላል ሄኒንግ። «አንዲት።»

«ኳስ ካቆምክ በኋላ የምትሄድበት አርባ ዓመት አለህ። በምን ልትሄድበት ነው?»

«ሌላ ነገር አልችልም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አንድ ዓመት ስጠኝ፤ እስከዚያ አስባለሁ።»

«እኔ ከእንግዲህ አልነካህም።»

«አትንካኝ። ብቻ አትናገር። ቃል ሰጥተኸኛል።»

ሄኒንግ ሲወጣ እኔንም ሳያየኝ አለፈ። አባቴ የተቆጣው ያለ ቀኑ ስለመጣበት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እኔም ሐሙስ ሲፋለስ አልወድም። ያን ማታ የአባቴ ተረከዝ ወለሉን ሲደበድብ ጋሽ ለገሰ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መታ።

ትምህርት ተከፍቶ ነበር፤ ረቡዕ አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣና ወደ ቤት በሚታጠፍበት ላይ አልታጠፈም። ክለቡ ልምምድ የሚሠራበት ሜዳ ሄድን። የክለቡን ተጫዋቾች እግር የሚጠቀልለው ኮሪ የሚባል ቀይ ጢም ያለው ሰው ነበር። አባቴ በእንግሊዝኛ «ይቺ ልጄ ናት። ሁሉን ነገር ትጽፋለች። ስለ ሄኒንግ ጠይቃት» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የጠየቀሽን ሁሉ እውነቱን ንገሪው» አለኝ።

«ምስጢር አይደለም እንዴ?»

«ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። አንቺ አልገባሽም። እኔ መኪናውን ፓርክ ላድርግ።»

መኪናው ፓርክ ተደርጎ ነበር። ያንንም ጽፌዋለሁ።

ኮሪ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና ደብተሩን ገለጠ። የማውቀው ትልቅ ሰው ሁሉ ደብተሬን ሲያይ ፈገግ ይል ነበር፤ ኮሪ ግን እየቆየ አነበበው። ዐሥራ አንዱን ሐሙስ በጣቱ ተከተለ። ቀጣዩን ገጽ እኔ ገለጥኩለት።

«አባትሽ የሚያሸው ቀኙን ነው?»

«ሃያ ስድስት ደቂቃ። ግራውን አራት ብቻ።»

«እንግዲያው የሚያመው ጉልበት ቀኙ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

ይቺ «አዎ» ደብተሩ ውስጥ የለችም። ዐሥራ አንድ ሐሙስ ሙሉ ያየሁትን ብቻ ጽፌ፣ የመሰለኝን የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ሲመለስ ምን እንዳልኩ አልጠየቀኝም። ወደ ቤት ስንሄድ ያፏጭ ነበር። ማታ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ዝም አለ። እናቴ እንኳ አስተውላ «ምን ሆንክ፣ ሰላም ነህ?» አለችው። ሐሙስ ሄኒንግ አልመጣም። ዐርብም አልመጣም። አባቴ በየሰዓቱ ስልኩን ያያል፤ የምሥራች የሚጠብቅ ሰው መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ላይ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣ ነበር። የተጫዋቾቹ ስም በድምፅ ማጉያው ሲነበብ የሄኒንግ አራተኛ ነበር። ሃያኛው። ዘልዬ ተነሣሁ። አባቴ አልተነሣም፤ አፉን ከፍቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ያያል።

ሄኒንግ ሰውነቱን እያሟሟቀ ወደ አጥሩ መጣ። እጁን በሽቦው ላይ አሻግሮ ራሴ ላይ አሳረፈ። «ጎበዝ ልጅ» አለኝ። «ይህን አልረሳውም።»

ስለ ደብተሬ መሰለኝ። የሆነውን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ዐርብ ዕለት ክለቡ ወስዶ ቀኝ ጉልበቱን ራጅ አስነሥቶት ነበር። ንጹሕ። «የሹፌሩ ልጅ ቀኙ ነው ብላለች» ሲሉት፣ ሄኒንግ «አዎ፣ ቀኙ ትንሽ ይይዘኛል» አለ። አውቄ የዋሸሁለት መስሎታል። ሲያመሰግነኝ ነበር።

ሄኒንግ እንደሄደ አባቴ ጎንበስ አለ። «ለኮሪ ምን አልሽው?»

«እውነቱን።»

«ምን ብለሽ?»

«የሚያመው ቀኙ ነው አልኩት።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከዚያ ተነሥቶ ኮሪና ተቀያሪዎቹ ወደሚቀመጡበት የአጥር በር ሄደ። በሩ ላይ ቆመ። ዞሮ ወደ እኔ አየ። ተመለሰ። ጨዋታው ተጀመረ። በሃያኛው ደቂቃ ገደማ እንደገና ሄደ፤ ቆመ፤ ዞሮ አየኝ፤ ተመለሰ። ከዕረፍት በኋላም እንደዚያው። ጠባቂው «ጌታዬ፣ ወይ ይቀመጡ ወይ ይውጡ» አለው። ሃያኛው ስለሆነ ጨንቆት ነው ብዬ «አባቴ፦ ሦስት ጊዜ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩ።

በስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ ኳሷ ከተከላካዮቹ በላይ አለፈች። አንድ ወጣት አጥቂ በሄኒንግ ግራ በኩል ሮጠ። ሄኒንግ ወደ ግራ ዞረ። አካሉ ዞረ፤ እግሩ እዚያው ቀረ። አልጮኸም። በመዳፉ ሣሩን ሦስት ጊዜ መታ። ኮሪ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ተንበርክኮ መጀመሪያ የያዘው ቀኝ ጉልበቱን ነው። ሄኒንግ እጁን ይዞ ወደ ሌላው አዛወረለት።

ዘወር ስል አባቴ አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጣቶቹ ሽቦው ውስጥ። የሚጸልይ መሰለኝ። ደብተሬ ላይ የመጨረሻው መስመር «63፦ ደህናው እግሩ» ይላል።

ሃያው ሞልቶ ነበርና ውሉ ተራዘመ። ያን ዓመት ሄኒንግ በክራንች አሳለፈው፤ ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ። ኳስ አልተጫወተም። በአርባ አንድ ዓመቱ የብረት ጉልበት ገባለት። አሁን በዚያች የባሕር ጠረፍ ከተማ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ያሠለጥናል፤ በየገናው ለአባቴ ፎቶ ይልካል። በሁሉም ፎቶ ላይ ቆሞ ነው፤ የሚደገፈው ነገር ግን አጠገቡ አለ፤ የጎል ብረት፣ አጥር፣ የልጅ ትከሻ።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም እግር አልነካም። በቀጣዩ ጁላይ የሐበሻው ቡድን ሌላ ወጌሻ ፈለገ። የታክሲ ሹፌሮቹ ሲለምኑት «እጄ ሞቷል» ይላቸዋል። የእናቴ የላይሰንስ ክርክር በመጨረሻ አሸንፎ መሰለኝ። ታክሲውንም ትቶ ኮንየርስ ውስጥ መጋዘን ገባ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ይመላለሳል። መመላለስ ይስማማዋል ብለን ሳቅንበት።

ራጅ በተማርኩበት ሁለተኛ ዓመት አስተማሪያችን የአንዲት ሴት ሁለት እግሮች አሳየን። ግራ ጉልበቷ ውስጥ ልስልሱ አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ገጥሟል። «የምታማርረው ግን ቀኝ ጭኗን ነው» አለች አስተማሪያችን። «ለምን? ለዓመታት የሁለቱን ሥራ የሠራው እሱ ስለሆነ።» ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። ማታ ስኮትዴል ሄጄ ደብተሩን ከቁም ሣጥን ሥር አወጣሁ። ስሕተት ፈለግሁ። ደቂቃዎቹ ልክ ናቸው። ደረጃው ልክ ነው። ወደ ግራ ሁለት ጊዜ ብቻ መዞሩ ልክ ነው። ሁሉም ተጽፏል። አባቴ የሁለቱን ሥራ የሚሠራውን ደህናውን እግር ያሽ ነበር፤ የታመመውን ሙቀቱን ብቻ ይለካ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጠይቀው እየተነሣሁ ተቀመጥኩ።

ባለፈው የካቲት አባቴ ራሱ እየተጎተተ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። የቤተሰብ ሰው ለባልደረባ እንሰጣለን፤ ያን ቀን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ሱሪውን ቀይሮ፣ ሰማያዊውን የታካሚ ልብስ ለብሶ፣ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ቆሞም ተረከዙ ወለሉን ይመታል።

«የትኛው ነው?»

«ታውቂው የለ፣ ከገና ጀምሮ ሳነክስ።»

«በጣትህ አሳየኝ።»

ቀኙን አሳየኝ። የእርሳሷን ፊደል ለጠፍኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ቀኝ መሆኑን የምትመሰክር።»

ፊደሏን ቆይቶ አያት። እኔም ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ያን ቀን ወደ ኮሪ ሦስት ጊዜ ሄደህ ተመለስክ።»

«ጽፈሽዋል እንዴ?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ።»

«ለምን እንደተመለስክ አልጻፍኩም።»

የብረቱን መያዣ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ምዬለት ነበር» አለ። «በመጀመሪያው ቀን፣ ታክሲው ውስጥ። ለማንም አልናገርም ስለው አላመነኝም። እናንተ ስትምሉ እንዴት ነው የምትምሉት አለኝ። አስረዳሁት። ከዚያ ማልኩለት።»

«በማን?»

ዞሮ አየኝ።

«በቀን አራት ጊዜ ትገድለኝ አልነበረም እንዴ» አልኩት፤ ድምፄን ቀለል ላደርገው ሞክሬ።

«እሱ ለመብራት ነው» አለ። «ይሄ ለሰው ነው።»

ማሽኑ ያጉረመርማል። አባቴ ግድግዳውን እያየ ቀጠለ። «ለዚህ ነው አንቺን የወሰድኩሽ። በእኔ አፍ እንዳይሆን። በሩ ጋ ስደርስ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ስል፣ ዘወር ብዬ አየሁሽ። ደብተርሽ ላይ አጎንብሰሽ ትጽፊያለሽ። አቃተኝ። ሦስቱንም ጊዜ።»

«እኔ ግን ተሳስቼ ነበር።»

«የጻፍሽው ልክ ነበር። ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ግን መኪና ፓርክ ላድርግ ብዬ ሄድኩ።»

ከመስታወቱ ጀርባ መግባት ነበረብኝ። «አትንቀሳቀስ» አልኩት። ተረከዙ ቆመ። ቀኙን አነሣሁ፤ ወጥቼ ፊደሏን በሌላዋ ቀየርኩ።

«ግራው ደህና ነው እኮ» አለኝ።

ትዕዛዙ ሁለቱንም ይላል። ግን ከትዕዛዙ በፊት ጎንበስ ብዬ መዳፌን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ፤ አነሣሁት፤ በአይበሉባዬ ደግሞ ነካሁት። ይሞቃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።